ጡሩምባ በሳጥን

ሰኔ 8፣ 2017፣ እሁድ

እማማ ጀማነሽ ሐሙስ ዕለት ተቀብረዋል። እኛ የሰማነው ዛሬ ነው፣ ያውም ሚኒባስ ውስጥ። ካዛንቺስ የምናውቃት አንዲት ሴትዮ ከኋላ ወንበር ሆና «ለእማማ ጀማነሽ እንኳ ትቀራላችሁ?» ብላ ወቀሰችን። አባዬ ዞሮ አያት።

«የት ነው የቀረሁት?»

«ቀብር ነዋ፣ ጋሼ።»

 እማማ ጀማነሽ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ የሞተች ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ከቤታችን ሳይወጡ የሰነበቱ ሴት ናቸው። የካዛንቺስ ሰፈራችን ፈርሶ እኛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ እሳቸው ገላን ከገቡ ወዲህ አላየናቸውም። ሴትዮዋ እንዳለችው አስከሬኑን የሚሸከም ሰው አንሶ መቃብር ቆፋሪዎቹ አገዙ።

አባዬ ደረጃውን ሲወጣ መሀል ላይ ቆመ፣ ትንሽ ወጥቶ እንደገና ቆመ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ማንስ አይቆም።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

አባዬ በረንዳ ላይ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። ከእድራችን ሊቀመንበር ከአቶ ገብረክርስቶስ ጋር ነው። ሆን ብዬ አላደመጥኩም፣ በሩ ክፍት ስለነበር ነው።

«እድሩ ይፍረስ ነው የሚሉት? ጳጉሜ ላይ? ድንኳኑስ? ለቤተክርስቲያን... እህ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እንደሁ ኦፕራሲዮን አልገባም። ቢቀናኝ ደህና፣ ባይቀናኝስ ማን ይሰማል? እንደ ጀማነሽ ቆፋሪ ይሸከመኝ?»

ሐኪሙ የልቡ አንዱ በር ጠቧልና ኦፕራሲዮኑ ከክረምት እንዳያልፍ ብሎ ነበር። አባዬ «አስብበታለሁ» ብሎ ወጣ። ሲያስብበት የከረመው ነገር ይሄ መሆኑን አላወቅኩም። እኔ ቢላውን የፈራ መስሎኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እድሩ የታመመው ሰፈሩ ሲፈርስ ብቻ አይደለም፣ ድምፁ ሲቋረጥም ነው። በፊት ጋሽ ዲሪባ ጎህ ሊቀድ ሲል ጡሩምባቸውን እየነፉ ሰፈሩን ይዞሩ ነበር፣ ያልሰማ ሰው አይኖርም። አሁን ያለን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከፍቼ አየሁት። የእማማ ጀማነሽ መርዶ በአንድ የጫማ ማስታወቂያና በአንድ «እንኳን አደረሳችሁ» መሀል ተቀምጧል። ግማሹ አባል ደግሞ እንደ አባዬ ቁልፍ ያለው ስልክ ነው የሚይዘው።

እኔ ቀን ቀን ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን የጉምሩክ ወረቀት እሠራለሁ። ከሥራ መልስ ኮድ እጽፋለሁ፣ ቺፕ እበይዳለሁ። ያዘዘኝም የሚጠቀምበትም የለም። የነጠላ ጥለት በራሱ የሚስል ፕሮግራም አለኝ፣ አንዱን ጥለት ሁለቴ ሲደግም አይቼው አላውቅም፣ ቁጭ ብዬ ሳየው ይመሽብኛል። መብራት ሊጠፋ ሲል ቀድማ የምታስጠነቅቅ አምፖልም ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አብራ ነው የምትጠፋው። አባዬ ሁሉንም እያየ «ይሄ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። 

ሳጥን። በየአባሉ ቤት አንድ ትንሽ ሳጥን፣ ሲም ካርድና ባትሪ ያለው፣ ስፒከር ያለው። ጎህ ሲል የጋሽ ዲሪባን ጡሩምባ የሚነፋ።

ሰኔ 19

ቢሮ፣ በምሳ ሰዓት። ከጎኔ ለሚቀመጠው ለታዲዎስ ነገርኩት። «ሰው ዲሊቨሪ አፕ ይሠራል፣ አንቺ የለቅሶ አፕ? ኧረ ፍዮሪ፣ በቃ ጨርሰሻል» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ባትሪውን ለኔ ተዪው» አለኝ። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የሚበትን ሰው ያውቃል። አለቃዬ መጣች፣ ልዝጋ።

ሰኔ 22፣ እሁድ

ጋሽ ዲሪባ አሁን ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ጡሩምባቸውን ከአልጋ ስር አውጥተው በጨርቅ ወለወሉት። ግቢው ከጋራዥ ጋር አጥር ለአጥር ስለሆነ መዶሻው አያስወራም። ሠራተኞቹ ለምሳ እስኪወጡ ጠበቅንና ስልኬን ደግኜ «ይንፉ» አልኳቸው።

ነፉ። ይሄን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በእንቅልፍ ልቤ ነው፣ ነቅቼ ከፊት ለፊቱ ቆሜ አላውቅም።  ከአጥሩ ማዶ አንድ መካኒክ ከመኪና ስር ተንሸራቶ ወጣ፣ በግሪስ እጁ አማተበና የማን ቀብር እንደሆነ ጠየቀን። እንዴት አንድ የቆርቆሮ ቱቦና የአንድ ሽማግሌ ትንፋሽ የማያውቀንን ሰው ከመኪና ስር ያወጣል? እያሰብኩት ነው የዋልኩት።

ቀጥሎ ጥሪውን ቀዳሁ። «የካዛንቺስ ጎረቤታሞች እድርተኛ! አባላችን ዐርፏልና ለቀብር ውጣ!» አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ስህተት። ከዚያ የአባላቱን ስም አውጥቼ አንድ በአንድ እንዲጠሩልኝ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን አነሱ።

«በሕይወት ያለ ሰው ስም?»

«ለማሽኑ ነው ጋሽ ዲሪባ። ማለቴ፣ ቀድሞ ካልተቀዳ...»

«ልጄ፣ ይቺ አፍ የምትጠራው የሞተ ነው። ያልሞተ አትጠራም።»

ብለምናቸው፣ ባስረዳቸው፣ ወይ ፍንክች። ስለዚህ ስሙ በድምፅ አይወጣም፣ ስክሪን ላይ ይጻፋል። አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቁኝ። መርዶ በሌሊት አይነገርም፣ ለቀስተኛው እስኪነጋ ይተኛ። ይሄንን ኮዱ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ በምሽት የገባ ስም ሁሉ ጎህ ይጠብቃል።

እኔን ግን የስሙ ነገር ትንሽ አስቆኛል። መጻፍ መጥራት አይደለም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ስክሪኑ የእኛን ፊደል አያውቅም። የፈረንጁን ከፋብሪካ ይዞት መጥቷል፣ በእኛ ፈንታ ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ እያንዳንዷን ፊደል በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እየሳልኩ ነው። ሀ ከነቤተሰቧ፣ ለ ከነቤተሰቧ።

ዛሬ የመጀመሪያዋ ሀ በራች። ከእጄ መዳፍ በሚያንስ ጥቁር መስታወት ላይ፣ ሁለት እግሯን ዘርግታ ቆመች። ሞኝ ያስመስለኝ ይሆናል እንጂ እንባዬ መጣ። እኔ ነኝ የሳልኳት፣ ግን ከእኔ በፊት እዚያ የነበረች ትመስላለች።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ብዙ አያት። ቀጥሎ «አ»ን አሳየሁት።

«የዚች እግሯ አጠረ» አለ።

«ነጥብ የለኝም አባዬ፣ ቦታው ይሄው ነው።»

«የኔታ ቢሆኑ ስለዚች እግር ይገርፉሽ ነበር። ከራሷ ቀንሺና ለእግሯ ስጪ።»

ከራሷ ቀንሼ ለእግሯ ሰጠሁ። ትክክል ነበር። እስከ እራት ድረስ ጣቱን እየቀሰረ አረመኝ፣ እኔም እያጠፋሁ ሳልኩ። «ይሄ ምን ያደርጋል?» አላለኝም።

የቀረው የረጃጅም ስሞች ጣጣ ነው። ለሽማግሌ ዓይን ብዬ ፊደሉን ትልቅ ስላደረግኩት «ገብረ» ብሎ የሚጀምር ስም ሁሉ ከስክሪኑ ይወድቃል። የእኛ እድር ደግሞ ግማሹ ገብረ ነው።

ሐምሌ 11

መብራት የለም። ሐኪሙ ደወለ፣ ለምን አልመጣችሁም አለ። አባዬ «ከስብሰባው በኋላ በዪው» አለ። የትኛው ስብሰባ ብሎ ጠየቀኝ ሐኪሙ። የእድር ነው ለማለት አፈርኩ፣ የሥራ ነው አልኩት። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ አለው። ምነው አፌን በቆረጠው።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ቂርቆስ ነገሠ። የተበተነው ሰፈር ሁሉ በዚህ ቀን ወደ ደብሩ ይመለሳል፣ እኔም ሳጥኖቹን በሁለት ፌስታል ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ታዲዎስ ቃሉን ጠብቆ ባትሪዎቹን አምጥቶልኛል፣ አንዱን ፌስታልም ተሸክሞልኛል። አባዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለሚያልፈው ሁሉ «ይቺ የልጄ ሥራ ናት፣ ውሰዱ» ይላል። በኩራት ነው የሚለው። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ፀሐይ ፈልጎ ነው።

አንዳንዱ ሳመኝ፣ አንዳንዱ እንደ እባብ አየኝ። ካዛንቺስ ዳቦ ቤት የነበራቸው እትዬ ፍሬሰላም ሳጥኗን በሁለት ጣታቸው አንስተው መለሱልኝ። «ሞትን በእጄ ይዤ ቤቴ ላስገባ? አልሠራሽውም!» አሉ። ተሳልመው ሲወጡ ግን ተመልሰው መጡና ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን ብቻ ዘረጉልኝ። ሰጠኋቸው።

«የት ነው የማስቀምጠው?»

«የትም ይሆናል እትዬ።»

«ከሥዕለ አድኅኖው ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ» ብለው ሄዱ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ዛሬ ጎህ ሲል የመጀመሪያው ሙከራ። በሁሉም ስክሪን ላይ «ሙከራ ነው፣ ማንም አልሞተም» ብዬ ጻፍኩ። ከዋዜማው ለሁሉም ስልክ ደውዬ አስጠንቅቄያለሁ።

እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። ጎተራ ማሳለጫው ላይ መኪና የለም። ከኋላዬ ሳሎን ውስጥ ጡሩምባው ተነፋ፣ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ገላን ተነፋ፣ ቡልጋሪያ ተነፋ፣ ደምበል ጀርባ ተነፋ። አልሰማሁትም፣ ግን ሰማሁት። ያ ሁሉ ቤት በአንድ ሰው ትንፋሽ ሲነቃ እኔ እዚህ በነጠላ ጫማ ቆሜአለሁ። ብዙ ነገር ሠርቼ አውቃለሁ፣ እንዲህ ያስፈራኝና ደስ ያሰኘኝ የለም። ከዚያ ስልኬ መጮህ ጀመረ፣ «ሰማን»፣ «ሰማን»፣ «እኛም ሰማን»። ጋሽ ዲሪባ ራሳቸው ደውለው «እኔ ተኝቼ እኔ ነፋሁ» አሉና ሳቁ።

አባዬ ሳሎን ውስጥ ቆሞ እያዳመጠ ነበር። «ደርሷል?» አለኝ።

«ሁሉም ጋ ደርሷል።»

«መድረሱስ ደረሰ» አለ። «መምጣቱን ነው የማላውቀው።»

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ረጅም ስምን አጥብቦ የሚያስገባው ኮድ አለቀ። ለመሞከር ረጅም ስም ያስፈልጋል፣ የአባዬን አስገባሁ። በእድሩ ረጅሙ ስም ስለሆነ ነው። አቶ ገብረአምላክ፣ ቀብር ቂርቆስ። ሁሉም ሳጥን የሚያነበው ከአንድ ቦታ ስለሆነ እንዳይነፋ ብዬ ቀኑን ሩቅ አደረግኩት፣ መስከረም 30 ቀን 2018። ነገ አጠፋዋለሁ። ስሙ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ቁልጭ ብሎ፣ አንድ ነጥብ ሳይወድቅ ወጣ። ፊደሎቹን ያረመው እሱ ስለሆነ ያምርበታል።

የእትዬ ፍሬሰላም ስፒከር ተበላሽቶ ስለነበር የእኛን ነቅዬ ለእሳቸው አደረግኩላቸው። የእኛ ሳጥን ለጊዜው ድምፅ የላትም።

ፍልሰታ ተፈታ፣ ዶሮ ሠራሁ። አባዬ አንድ ጉርሻ ቀምሶ ተወው። ቅመሙ በዝቶ ይሆናል።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ አባዬ ሳሎን ውስጥ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል። ለጸሎት ከተነሳ ጀምሮ እዚያው ነው። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ የሌላት ሳጥን አለች። ስክሪኗ ላይ በትልልቁ በርቷል፦ አቶ ገብረአምላክ ዐርፈዋል፣ ቀብር ቂርቆስ።

«ጓለይ» አለኝ። ልጄ ሲል ሁልጊዜ በትግርኛ ነው የሚለኝ። «ሞቻለሁ መሰለኝ።»

 ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ፣ አጠፋሁት፣ ግን የጠፋው ጽሑፉ ነው እንጂ ጡሩምባው አይደለም። በየቤቱ ተነፍቷል። ስልኬን ባነሳ በሌሊቱ የመብራት መጥፋት ሳይሞላ አድሮ ሞቷል። ይሄን ቃል የጻፈው እጄ ነው፣ ይቅር ይበለኝ። የአባዬን ስልክ አንስቼ ለጋሽ ዲሪባ ስደውል ከታች፣ ከግቢው፣ የሴት ለቅሶ ተሰማ።

በረንዳ ላይ ወጥቼ አየሁ። ዝናብ ነው። ከገላን ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጥቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፒካፕ ላይ የእድሩ ድንኳን፣ እንጨቱ፣ ትልቁ ድስት ሁሉ ተጭኗል። አይተውን የማያውቁ የኮንዶሚኒየሙ ወጣቶች ጃኬታቸውን አውልቀው የድንኳኑን ምሰሶ ያቆማሉ። አቶ ገብረክርስቶስ ጃንጥላ ይዘው ያዛሉ። ከበሩም በኩል ገና ይገባል፣ ይገባል። ከሰፈር ከወጣን ጀምሮ ያላየኋቸው ሰዎች፣ የሞቱ ይመስሉኝ የነበሩም ጭምር። እትዬ ፍሬሰላም መሀል ላይ ሆነው ደረታቸውን እየደቁ «ወንድሜ ገብረአምላክ! ዱቄት ባነሰኝ ጊዜ የደረስክልኝ!» ይላሉ። ይሄን ነገር አባዬ ነግሮን አያውቅም።

አባዬ ከጎኔ መጥቶ ቆመ። በረንዳው ላይ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ወደ ታች አየ። ፊቱን እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም፣ ንግሥ ላይ ታቦት ሲወጣ ሰው የሚያደርገው ፊት ነው።

«ልንገራቸው፣ እኔ ልውረድ» አልኩ።

«ቆይ» አለኝ። «ለእኔ ነው የመጡት። እኔ ልውረድ።»

ትከሻዬን ይዞ ደረጃውን ወረደ። በየፎቁ ቆምን። በሩ ላይ ስንደርስ እትዬ ፍሬሰላም ቀና አሉ፣ ለቅሶአቸው መሀል ላይ ተቆረጠ።  ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ሲመታ ብቻ ይሰማል። አንድ ሰው አማተበ፣ አንዷ ልጅ ጮሃ ወደ በሩ ሮጠች። ጋሽ ዲሪባ የግቢው መንገድ እርጥብ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው «እኔ አልጠራሁትም፣ እኔ አልጠራሁትም» ይላሉ።

አባዬ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«አልሞትኩም» አለ። «ስህተት ነው። ግን መጥታችኋል። ግቡ፣ ዝናብ ነው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እትዬ ፍሬሰላም መጥተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አገላብጠው አዩት፣ በጥፊ ሊመቱት ነው ብዬ ስፈራ እልልታቸውን ለቀቁት። ግቢው በእልልታ ተናጋ። የሚያለቅሰው ሳቀ፣ የሚስቀው አለቀሰ። ንፍሮው ተቀቅሎ ስለመጣ ተበላ። ከሰዓት በኋላ ድረስ ማንም አልሄደም፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ ማን የት እንደገባ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደታመመ ሲጠያየቁ ዋሉ። አባዬ መሀል ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ ፊታቸውን ያይ ነበር።  አንዴ ብቻ ጠጋ ብሎኝ ወደ አንድ የድሮ ጎረቤታችን እያሳየ «ሃይላይን አየሽው? በዚያ በሽተኛ እግሩ ከገላን መጣ» አለኝ።

የሠራሁት ነገር ያሳፍረኛል። ያየሁት ነገር ግን ከሐፍረቴ ይበልጣል።

ነሐሴ 19

ቢሮ። ታዲዎስ ሰምቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። ሻይ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮልኝ ሄደ። ዛሬ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ የሚያወራው ስለ እኔ ይመስለኛል። አባቷን የገደለች።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ስህተቱን አገኘሁት። የቺፑ ሰዓት ዘመኑን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እኔ 2018 ብዬ የጻፍኩት በእኛ፣ ማለትም ሊገባ ያለው ዓመት። ለእሱ ግን 2018 ድሮ ያለፈ ዓመት ነው። «ይሄ ሰው ከሞተ ዓመታት አልፎታል፣ ማንም አልነገረለትም» ብሎ ጎህ እንደቀደደ ነፋ። ቀኑ ያለፈ ስም ሳይነፋ እንዳይቀር ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እስከዛሬ የሞከርኩት ሁሉ በማግስቱ የሚነፋ ስለነበር ጉዱ አልታየኝም።

ቺፑ ምንም አላጠፋም። ዘግይቶብኛል ብሎ ነው የተጣደፈው።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በቂርቆስ አዳራሽ። ይፍረስ የሚለው አጀንዳ የመጀመሪያው ነበር። አቶ ገብረክርስቶስ አነበቡትና ቀና ብለው «አስተያየት ያለው?» አሉ። ማንም እጁን አላወጣም። አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቷል። «እንግዲህ ገብረአምላክን ቀብረን የመጣን ሰዎች ምን እንላለን» አሉ፣ ሳቅ ሆነ፣ አጀንዳው ተዘለለ። እድሩ አልፈረሰም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ስለ ዘመን አቆጣጠሩም አስረዳሁ። ጋሽ ዲሪባ ተነስተው ሳጥኑ ይቀጥል፣ ግን ከእሳቸው ፈቃድ ውጪ ስም አይውጣ አሉ። ስለዚህ እሳቸው ቤት አንድ ቁልፍ አደርጋለሁ፣ እሷን ካልተጫኑ ምንም ስም አይወጣም። ሁሉም ተስማማ። እኔም ከልቤ ተስማማሁ።

ልቀመጥ ስል አቶ ገብረክርስቶስ «አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «ለምን የአባትሽን ስም ጻፍሽ?»

«ረጅም ስም ፈልጌ ነው። ማለቴ፣ ስክሪኑ ላይ ልክ መሆኑን...»

«ለርዝመቱማ ከሆነ የእኔ ይረዝማል። ለምን እኔን አልገደልሽኝም?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አባዬ ግን አልሳቀም፣ እኔን ነበር የሚያየው። ቤት ስገባ ፊደሎቹን ቆጠርኳቸው። ይረዝማል።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ጸበል ነው ብለው የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች ሁሉ ግቢው ውስጥ ይታጠባሉ። አባዬ በረንዳ ላይ ወንበር አስወጥቶ ራሱን ለዝናቡ ሰጠ። ጉንፋን ይይዝሃል ብለው አልሰማኝም። አጠገቡ ቆምኩ፣ እኔም ረጠብኩ።

«ነይ ሐኪሙ ጋ ደውዪ» አለ። «እገባለሁ በዪው።»

 አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ያ ስሜ አለ ወይስ አጠፋሽው?»

«ወዲያው ነው ያጠፋሁት አባዬ።»

«መልሰሽ ጻፊው። ያምር ነበር። ቀኑን ብቻ ክፍት ተዪው፣ እሱን የሚሞላው ሌላ ነው።»

አልጽፍም አልኩት። የፈራሁትንም ነገርኩት፣ ክረምቱን ሙሉ በየደረጃው ሲቆም እያየሁ አላየሁም ስል እንደከረምኩ፣ ስሙን ስጽፍም ያን ነገር ሳስብ እንደነበር። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት፣ ዝናቡ ጥሩ ሽፋን ነበር።

«አውቃለሁ» አለ። «እኔስ ስክሪኑ ላይ ሳየው ፈርቼ አይደል ከረባት ያሰርኩት? አሁን ግን አልፈራም። መጥተው አየኋቸዋ። ጻፊው።»

ፕሮግራሙ ባዶ ቀን አይቀበልም ነበር፣ ስህተት ነው ይላል። እስኪቀበል ድረስ አስተካከልኩት። አቶ ገብረአምላክ፣ ቀን፦ ክፍት።

መስከረም 6፣ 2018፣ ማክሰኞ

ያ ዓመት ገባ። አባዬ ኦፕራሲዮን ክፍል ከገባ ቆይቷል። ሳጥኗን በቦርሳዬ ይዣታለሁ፣ ስፒከሯን መልሼላታለሁ። ለምን እንደያዝኳት አላውቅም። ከእትዬ ፍሬሰላም ጀምሮ የእድሩ ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል፣ ዘበኛው «የማን ቤተሰብ ናችሁ ሁላችሁም?» እያለ ይዞራል። ጋሽ ዲሪባ «የአንድ ሰው» አሉት።

ዶክተሩ ወጣ። ደህና ነው አለ። ደህና ነው። ሌላ መጻፍ አልችልም።

መስከረም 8

ዛሬ የአፉ ቱቦ ወጣለት። ዓይኑን ገለጠና ፈልጎ አገኘኝ። ከንፈሩ ደርቆ ስለነበር ጠጋ ብዬ ነው የሰማሁት።

«ነፋ?»

«አልነፋም አባዬ።»

«ዲሪባ ቁልፏን...»

«አልተጫኗትም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም አሉ።»

እጄን ፈልጎ ያዘ።

«እንግዲያው ልተኛ» አለ፣ እጄን እንደያዘ ተኛ።